ፍላሹ ባዶ ሲመስል

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን የቡሬና የፍኖተ ሰላም ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋባቸውም። ከሰልፈኛው መካከል ፊቱ የጠቆረ አንድ ተማሪ ይኖራል። ፍላሹን ሰክቷል፤ ሲከፍተው ግን የወራት ድካሙ የለም። የሚታየው በግራ ጥጓ ትንሽ ቀስት ያለባት አንዲት ምልክት ብቻ ናት። አጠገቡ የቆመው «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት አድርገውና ተገላገል» ይለዋል። መካሪው ለደግ ነው ያለው፤ ነገር ግን ፋይሉን የሚያጠፋው ቫይረሱ ሳይሆን ይኸው ምክር ነው።

ተማሪው ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ይህ ተባይ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። ዊንዶውስ በማንኛውም ፋይል ወይም ፎልደር ላይ «አይታይ» እና «የሲስተሙ ንብረት ነው» የሚሉ ምልክቶችን ማድረግ ይችላል። የተሠሩት ሰው ሳያውቅ ኮምፒውተሩን የሚያስነሡትን ፋይሎች እንዳያጠፋ ነው። ቫይረሱ እነዚህኑ ምልክቶች በእናንተ ፋይሎች ላይ ያደርግና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ተከትሎ ፋይላችሁ ይከፈታል። የፈለጉት ከተከፈተ ደግሞ ማን ይጠረጥራል? በዚህ መንገድ ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሹ ወደ ካምፓሱ ላብ፣ ከላቡ ወደ ጓደኛ ላፕቶፕ ይዛመታል።

ፋይሉ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ምንም ነገር ሳትከፍቱ የፍላሹን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን እዩ። ባዶ የሚመስለው ፍላሽ ሁለት ሦስት ጊጋባይት ተይዟል ካለ ሥራችሁ እዚያው ነው። ከዚያ ከፎልደር መስኮቱ «ቪው» ከሚለው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያደርግና ሁለተኛውን ይረሳል፤ ምንም ሳይታየው ሲቀር ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ሲደረጉ ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅጥቀው ይገኛሉ። የራሳችሁን የወርድ፣ የኤክሴልና የፒዲኤፍ ፋይሎች ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ሾርትከቶቹንና የማታውቁትን ነገር አትንኩ። ፎርማት ማድረግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኮምፒውተሩ ራሱ ከታመመ ግን የጸዳው ፍላሽ መልሶ ይያዛል። ለዚህ ከጸረ ቫይረስ በፊት ስልካችሁን አስቡ። ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ብትሰኩት፣ ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ ስልኩ ላይ ሊነሣ አይችልም። ስልኩ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይቆጥረውም አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን እንዳሉ ያሳያል። ገመዱ ርካሽ ነው፤ ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ደግሞ ከብዙ ዕቃ በላይ ይጠቅማል።

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። ገበሬው ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ እንደሚያስቀምጥ፣ ዋናው ፋይል ያለበት ፍላሽ ጽሕፈት ቤት መሄድ የለበትም። ለማተሚያ ሌላ፣ ቢበላሽ የማያሳዝን ፍላሽ ይኑራችሁ፤ በውስጡም ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን። ፒዲኤፉ ሌላም ጥቅም አለው። በእናንተ ኮምፒውተር ያማረው የወርድ ጽሑፍ በጽሕፈት ቤቱ የቆየ ኦፊስ ሲከፈት ማውጫው ይዛነፋል፣ ሠንጠረዡ ለሁለት ገጽ ይሰነጠቃል፣ የአማርኛው ፊደል ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል። ፒዲኤፍ ግን ፊደሉንም አሰላለፉንም ይዞ ይሄዳል።

የመብራቱ ነገር ሌላ ነው። በዴስክቶፕ ስትጽፉ መብራት ከሄደ የሚተርፈው የተቀመጠው ብቻ ነው። ወርድ በየ10 ደቂቃው ለራሱ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ይህን ከ«ኦፕሽንስ» ገብታችሁ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ አውርዱት። መጠባበቂያው ግን ማስቀመጥን አይተካም፤ በየአንቀጹ መጨረሻ እጃችሁ «ኮንትሮል ኤስ» ላይ ይረፍ። ፋይሉን በቀጥታ ከፍላሹ ከፍቶ መሥራትም ጥሩ አይደለም፤ ወርድ ፍላሹ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ ወይም ፍላሹ ቢነቀል ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ወደ ኮምፒውተሩ ቀድታችሁ ሥሩ፤ ስትጨርሱ ወደ ፍላሹ መልሱ።

ስትመልሱ በአሮጌው ላይ አትደርቡበት። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እያሉ መሰየም ከጓደኛ ጋር ያስቃል እንጂ አያገለግልም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል በስሙ መጀመሪያ ይግባ፤ ለምሳሌ «2017-08-05 ምዕራፍ 3»። የኢትዮጵያ ቀን ቢሆንም ችግር የለውም፣ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ እስከተጻፈ ድረስ ኮምፒውተሩ በተራ ይደረድረዋል። ኮምፒውተሩ ራሱ በፋይሉ ላይ የሚያሰፍረውን ቀን አትመኑ። የአሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ ዛሬ የጻፋችሁት ከአምናው በታች ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። 

ቅጂው ስንት ይሁን? ሦስት፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ዶርም በሚቀመጥ ፍላሽ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፤ በጉግል ድራይቭ ወይም በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ»። ሦስተኛውን ብቻ አምኖ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል እዚህ አገር ማስረዳት አያሻም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራት እንደተቋረጠ ቆይቷል። ጽሑፉን ድራይቭ ላይ ብቻ ያኖረ ሰው የራሱን ሥራ በሩቁ ያውቀዋል እንጂ አያገኘውም። በተቃራኒው ፍላሽ ብቻ ያለው ፍላሹ መናኸሪያ ቢወድቅበት ያው ነው። ሁለቱ የተለያየ ጠላት ስላላቸው ነው አብረው የሚያስፈልጉት።

ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራን በእጅ ማቆየት ለመረጃ ሰብሳቢውም ይሠራል። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ተነሥቶ ስለ በርበሬ ወይም ስለ በቆሎ አምራቾች ለማጥናት ወደ ወምበርማ ወይም ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የሚወርድ ተማሪ፣ መጠይቁን በወረቀት አባዝቶ በኋላ ኤክሴል ላይ ከመገልበጥ «ኮቦ ኮሌክት» የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ቢጠቀም ይሻለዋል። ቅጹን ከተማ ሳሉ፣ ኔትወርክ ባለበት፣ አንዴ ወደ ስልክ ማውረድ ብቻ ነው። መስኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፤ መልሱ ስልኩ ውስጥ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። እስኪላክ ድረስ ግን ያለው አንድ ቅጂ ስለሆነ መተግበሪያውን ማጥፋትም ስልኩን ማዋስም ክልክል ነው።

በአማርኛ ለምትጽፉ፣ ለምሳሌ በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ላላችሁ፣ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተለመዱት የአጻጻፍ ሥርዓቶች የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብሱ ነበሩ፤ ዛሬም በአንዳንድ ጽሕፈት ቤት በእነርሱ ይጻፋል። መለያው ቀላል ነው፤ ከጽሑፉ አንድ መስመር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከተለወጠ አሮጌው ነው፤ በሌላ ኮምፒውተር አይነበብም፣ በፍለጋም አይገኝም። ለጸሐፊው «በዩኒኮድ ይጻፍልኝ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ሰማንያ ገጽ ካለቀ በኋላ መለወጥ አድካሚ ነው። በዩኒኮድም ቢሆን ኮምፒውተሩ ሞክሼ ፊደላትን እንደተለያዩ ነው የሚያያቸው። አንድ ቦታ «ፍኖተ ሰላም»፣ ሌላ ቦታ «ፍኖተ ሠላም» ከጻፋችሁ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም፤ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእርሱ ዝለቁ።

ጽሑፉን በቴሌግራም ልካችሁ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር የምታሳትሙ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ አካውንት እዚያ አትግቡ፤ ፋይሉን ለቤቱ ቁጥር ላኩለት። የግድ ገብታችሁ ከሆነ፣ ሂሳብ ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። አካውንታችሁ ተከፍቶ ያለባቸው መሣሪያዎች በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል፤ የእናንተ ያልሆነውን ከዚያው ማስወጣት ይቻላል።