ስለ ፓርቲ ዝርዝር ምርጫና ስለ ምክር ቤት ወንበር አከፋፈል

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች

ርስት በሚከፈልበት ጊዜ አስቀድሞ ገመዱ በሁሉ ፊት ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ ይጣላል እንጂ፥ ዕጣው ከወጣ በኋላ ገመድ አይለካም። ይህም የሚደረገው ድርሻው ያነሰበት ሰው ወንድሙን እንዳይጠረጥር ነው። የምክር ቤት ምርጫም እንደዚሁ ነው። ድምፅ ከተቈጠረ በኋላ ወንበሩ በምን ልክ እንደሚከፈል የማያውቅ ሰው፥ ሳይበደል ተበደልሁ ብሎ ይጮኻል፤ ወይም በእውነት ተበድሎ ሳለ ሳያውቀው ዝም ይላል። ስለዚህ መምህራን ለደቀ መዛሙርት፥ ሽማግሎችም ለጎረቤቶቻቸው ያስረዱ ዘንድ የአከፋፈሉ ሥርዓት ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ተጽፏል። የአገራችን ነው ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ሁለቱ መንገዶች

መንግሥታት እንደራሴዎቻቸውን የሚያስመርጡበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። በፊተኛው መንገድ አገሩ በብዙ የምርጫ ክልል ይከፈልና በያንዳንዱ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ይመረጣል። በአገራችን ቍጥር በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያዘዘው ይህንኑ መንገድ ነው። ጥቅሙ ሕዝቡ እንደራሴውን በስሙና በመልኩ ማወቁ ነው። ጉዳቱ ግን፥ ከአሥር ሰዎች አራቱ ለአንዱ፥ ሦስቱ ለሁለተኛው፥ ሦስቱም ለሦስተኛው ቢሰጡ፥ አራት ያገኘው ተመርጦ የስድስቱ ድምፅ ያለ ወንበር መቅረቱ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ድምፅ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ፓርቲ፥ ማለት ለአንድ የፖለቲካ ማኅበር ነው። ፓርቲው ከምርጫው ቀን በፊት የዕጩዎቹን ስም በተራ ጽፎ ያቀርባል፤ ዝርዝር የሚባለውም ይህ ነው። ድምፁ ከተቈጠረ በኋላ ለያንዳንዱ ፓርቲ እንደ ድምፁ መጠን ወንበር ይሰጠዋል፤ አምስት ወንበር ያገኘ ፓርቲ ከዝርዝሩ ራስ ጀምሮ አምስቱን ሰዎች ወደ ምክር ቤት ያስገባል። ይህን ሥርዓት ለአገር ምክር ቤት በሕግ አስቀድማ ያቆመች በ1899 ዓ.ም. ቤልጅግ ናት።

፪ኛ፤ ስለ አከፋፈሉ ሒሳብ

ድምፅ ብዙ ነው፤ ወንበር ግን ጥቂት ነው፤ ሰውም እንደ እንጀራ ተቈርሶ እኩሌታው ለአንዱ፥ እኩሌታው ለሌላው አይሰጥም። ስለዚህ ሲካፈል ሁልጊዜ ትርፍ ይቀራል፤ ክርክሩም ሁሉ በዚህ ትርፍ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ በዚያ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተገድፎ ከተረፈው ቍጥር ወንበሩ እንዲወጣ፥ በዚህም የኋለኛው ወንበር የሚወጣው ከተረፈው ድምፅ ነውና።

ለምሳሌ 10,000 ሰዎች ድምፅ ሰጥተው 5 ወንበር የሚከፈል ይሁን። ፊተኛው ፓርቲ 5,500፥ ሁለተኛው 3,100፥ ሦስተኛው 1,400 ድምፅ አግኝተዋል እንበል።

በትልቁ ትርፍ ሥርዓት እንዲህ ይከፈላል። 10,000 ለ5 ሲካፈል 2,000 ይሆናል፤ ይህ የአንድ ወንበር ዋጋ ነው። ፊተኛው በ5,500 ሁለት ወንበር ወስዶ 1,500 ይተርፈዋል። ሁለተኛው በ3,100 አንድ ወስዶ 1,100 ይተርፈዋል። ሦስተኛው ዋጋውን ስላልሞላ ምንም ሳይወስድ 1,400 እንዳለ ይቀርለታል። ሁለት ወንበሮች ገና ስላልተሰጡ፥ ትርፋቸው ከሁሉ ለሚበልጥ ለፊተኛውና ለሦስተኛው ይሰጣሉ። እንግዲህ ድርሻቸው 3፥ 1፥ 1 ይሆናል።

ሌላው ሥርዓት ቪክቶር ዶንት የተባለ የቤልጅግ የሕግ ሊቅ በ1878 ዓ.ም. ያሳሰበውና በስሙ የሚጠራው ነው። በዚህ ሥርዓት የያንዳንዱ ፓርቲ ድምፅ ለ1፥ ለ2፥ ለ3፥ እንዲህም እያለ ይካፈላል፤ ከተገኙትም ቍጥሮች አምስቱ ታላላቆች አምስቱን ወንበር ይወስዳሉ። የፊተኛው 5,500፥ 2,750፥ 1,833 ይሆናል። የሁለተኛው 3,100፥ 1,550 ይሆናል። የሦስተኛው 1,400 ነው። አምስቱ ታላላቆች 5,500፥ 3,100፥ 2,750፥ 1,833፥ 1,550 ናቸው። ስለዚህ ድርሻቸው 3፥ 2፥ 0 ይሆናል።

እነሆ፥ ከሕዝቡ አንድ ሰው እንኳ አሳቡን ሳይለውጥ፥ አንድ ድምፅም ሳይሰረቅ፥ አምስተኛው ወንበር ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሄደ። ሁለቱም ሥርዓቶች ምክንያት አላቸው። የትርፍ ሥርዓት ታናሹ ፓርቲ ጨርሶ እንዳይጠፋ ይረዳል። የዶንት ሥርዓት ደግሞ፥ ሁለተኛው ፓርቲ ሁለት ወንበር ቢወስድ በያንዳንዱ ወንበር ጀርባ 1,550 ሰዎች ይቆማሉ፤ ሦስተኛው አንድ ቢወስድ ግን 1,400 ብቻ ይቆማሉ ብሎ፥ ብዙ ሰው ላለበት ያደላል። ክፉ የሚሆነው አንዱን መምረጥ አይደለም፤ ድምፁ ከተቈጠረ በኋላ የሚጠቅመውን አይቶ መምረጥ ነው።

፫ኛ፤ በእስራኤል አገር ስላለው ሥርዓት

ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት የእስራኤል አገር ለዚህ ትምህርት መልካም ምሳሌ ናት። ክኔሴት የሚባለው ምክር ቤትዋ 120 ወንበር አለው፤ አገሪቱም በሞላ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ትቈጠራለች። ድምፅ ሰጪው የመረጠውን ፓርቲ ፊደል የያዘ አንድ ወረቀት በፖስታ ከቶ በኮሮጆ ይጨምራል። ወንበሩም ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈለው በዶንት ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ከአከፋፈሉ በፊት የሚታለፍ አንድ ደጃፍ አለ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከመቶው ድምፅ ሦስት ከሩብ ያላገኘ ዝርዝር ከክፍያው አይገባም። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሜሬጽ የተባለው ፓርቲ ከ150,000 የሚበልጥ ድምፅ አገኘ፤ ከደጃፉ ለመድረስ ግን 4,000 ያህል ስለ ጎደለው አንድ ወንበር እንኳ ሳያገኝ ቀረ። የሠራተኞች ፓርቲ ከ175,000 ጥቂት የሚበልጥ አግኝቶ ደጃፉን ስላለፈ 4 ወንበር ተሰጠው። ደጃፉ የተሠራው ምክር ቤቱ በጥቃቅን ፓርቲዎች ተበታትኖ መንግሥት ማቆም እንዳይሳነው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ድምፃቸው ከደጅ የሚቀርባቸው ሰዎች ናቸው። ሕግ የሚያወጣ ሁሉ ይህን ጥቅምና ይህን ጉዳት በአንድነት መመዘን ይገባዋል።

፬ኛ፤ ስለ ስም ተራ

በዝርዝር ምርጫ ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው፥ የስሙን ተራ ማን ጻፈው የሚለው ነው። በእስራኤል ድምፅ ሰጪው ተራውን ሊለውጥ አይችልም፤ በአንዳንዱ ፓርቲ አባላቱ በድምፅ ይወስኑታል፤ በሌላው መሪው ራሱ ይጽፈዋል። በኢትዮጵያ የተወለዱት ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 ዓ.ም. በየሽ አቲድ ፓርቲ ዝርዝር 14ኛ ሆነው ተጻፉ፤ ፓርቲው 19 ወንበር ስላገኘ ገቡ። ስማቸው በ20ኛው ተራ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ፓርቲው ያንኑ ድምፅ ሲያገኝ እርሳቸው በዚያን ቀን ከደጅ በቀሩ ነበር። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ከእናንተ ወገን ሰው በዝርዝሬ አለ ሲል፥ በስንተኛው ተራ ነው ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። በኔዘርላንድ ግን ድምፅ ሰጪው ከዝርዝሩ አንዱን ሰው ለይቶ ስለሚመርጥ፥ ብዙ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ከበላዮቹ ቀድሞ ሊገባ ይችላል።

፭ኛ፤ ለመምህራን

መምህሩ 55፥ 31፥ 14 ባቄላ በሦስት ክምር ያኑርና ደቀ መዛሙርቱ በሁለቱም ሥርዓት 5 ወንበር ያካፍሉ፤ ቀጥሎም ወንበሩን 6 ያድርገው። ወንበሩ 6 ሲሆን ሁለቱም ሥርዓቶች 3፥ 2፥ 1 ይሰጣሉ። ከዚህም ወንበር ሲበዛ ታናሹም ድርሻ ሊያገኝ እንደሚችል፥ ወንበር ሲያንስ ግን ጠቡ እንደሚጸና ልጆቹ በእጃቸው ይረዱታል።

ሽማግሎችም የምርጫ ነገር በተነሣ ጊዜ አራቱን ጥያቄ አይርሱ። ወንበሩ ስንት ነው? ደጃፉ ስንት ነው? ትርፉ በምን ሥርዓት ይከፈላል? የስሙን ተራ ማን ጻፈው? የእነዚህን መልስ ከምርጫው ቀን በፊት ያወቀ ሕዝብ፥ ቢያሸንፍ በሐቅ ያሸንፋል፤ ቢሸነፍም ያለ ቂም ወደ ቤቱ ይመለሳል።