ያልተቈጠረ ድርሻ የለውም

ንባብ፦ ዘኍልቍ ምዕራፍ 26 እና 27

በሞዓብ ሜዳ ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸው ወንዶች ተቈጠሩ፤ ምድሪቱም በዚያው የስም ቍጥር ልክ እንድትከፈል ታዘዘ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ግን ወንድም ስላልነበራቸው ያለ ርስት ሊቀሩ ሆነ። በሙሴ ፊት ቆመው ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን መሰከረላቸው፤ ሕጉም ተስተካከለ።

ዛሬም የመንግሥታት ዕቅድና በጀት የሚቆመው በቍጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ውኃ መቅዳትንና እንጨት መልቀምን ከምርት ሥራ ቈጥሯል። ለቤተሰብ ምግብ ማብሰልንና ልጅ ማሳደግን ግን ከሒሳቡ ውጭ ትቷል። በአገራችን ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ሰዎች ቀናቸውን በምን ሥራ እንደሚያሳልፉ ጠይቆ፣ የሴቶችንና የወንዶችን ለይቶ መዝግቧል።

እኛም በየፕሮጀክታችን አባወራውን ብቻ ጠይቀን አንመለስ። እናት ለውኃ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ካልጻፍን፣ የጉድጓዱን ቦታ እንስራ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ይመርጣል።

ለውይይት፦ በመዝገባችን ላይ ድካሙ ያልተጻፈለት ማን ነው? በሚመጣው ሳምንት ሄደን እንጠይቀው።