የሮታሪ ሞተር የኮምፕሬሽን ልኬት በአዲስ አበባ ከፍታ

በ1928 ዓ.ም. የበረረችው «ፀሐይ» በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር አማካይነት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አውሮፕላን ነበረች። ከዚያ ወዲህም በዚህች ከተማ አውሮፕላን ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ የሚገጥመው አንዱ ፈተና የአየር መሳሳት ነው። ይህ ጽሑፍ፣ በግል ለሚሠራ አውሮፕላን ሮታሪ ሞተር ሲታደስ ከፍታው የሚያስከትለውን የልኬት ስሕተት ይመረምራል።

በሮታሪ ሞተር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን የለም፤ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር በቤቱ ውስጥ ይዞራል። በማዕዘኖቹ ጫፍ ያሉት ማሸጊያዎች ሦስት ክፍሎችን ስለሚለዩ፣ ከአንድ ሮተር ሦስት የኮምፕሬሽን ንባቦች ይወሰዳሉ። በባሕር ወለል 6 ባር የሚያሳይ ሞተር በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ 2,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጋራዥ ቢለካ፣ የአካባቢው የአየር ግፊት 0.77 ባር ያህል በመሆኑ የሚያሳየው 4.5 ባር ገደማ ነው። የባሕር ወለሉን መለኪያ ሳያርም የሚጠቀም ባለሙያ ደኅናውን ሞተር «አልቋል» ይለዋል።

ሆኖም ከፍታ ጉድለትን ሁሉ አያስረዳም። ከፍታው ሦስቱንም ንባቦች እኩል ያወርዳል፤ አንድ የጫፍ ማሸጊያ ሲጎዳ ግን በግራና በቀኙ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ከሦስተኛው ይበልጥ ይወርዳሉ። ስለዚህ ንባቦቹ በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይነጻጸሩ፤ ቀጥሎም ለከፍታው ይታረሙ።

እርማቱ ደኅና ሞተር ከመጣል ያድናል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ የመንደርደሪያው ርዝመትም በቀረው ጉልበት ሊሰላ ይገባል።