ኀዘንተኛውን ድኻ ስለ መርዳት

አንባቢ ሆይ፥ አባታችን አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተችበት ጊዜ ያደረገውን ታስታውሳለህን? ልቅሶውን አቋርጦ ወደ አገሩ ሰዎች ሄደ፤ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ስለ መቃብሩ ቦታ ተነጋገረ፤ ዋጋውንም በሰማ ጊዜ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ባለጠጋ ነበረና ስለ ዋጋ መናገር አላሳፈረውም። ድኻ ግን በኀዘኑ ቀን ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ሟቹን ያልወደደ እንዳይመስል ይፈራልና። እርሱ ያፈረበትን ከእርሱ ጋራ ሆነው የሚጠይቁ ሰዎች በለንደን ከተማ ተገኝተዋልና ሥራቸውን ልንገርህ።

ራሳቸውን ወዳጆች የሚሉ፥ ሌላው ሰው ግን ኵዌከሮች የሚላቸው ክርስቲያኖች በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ተነሡ (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ከእነርሱ አንዱ ፒተር ቤድፎርድ ከ1780 እስከ 1864 የኖረ የሐር ነጋዴ ነው፤ በስፒታልፊልድስ ሰፈር፥ ሥራ ባጡ ሸማኔዎች መካከል፥ ድኾችንና በሌብነት የወደቁ ወጣቶችን ሲረዳ ኖረ። ከሞተም በኋላ በ1867 በስሙ ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ ኵዌከር ሶሻል አክሽን የሚባለው ይህ ነው።

ከማኅበሩ ሥራ ሁሉ ልቤን የነካው በ2010 የጀመረው የቀብር ርዳታ ነው። በዚያ አገር ጎረቤት ተሰብስቦ መቃብር አይቈፍርም፤ እንደ እኛ ዕድር ድንኳን ተክሎ የሚያስተዛዝን የለም። ሬሳውን የሚያዘጋጀው፥ ሣጥኑን የሚያቀርበው፥ እስከ መቃብር የሚያደርሰው በዋጋ የሚሠራ ነጋዴ ነው፤ ዋጋውም በሺሕ ፓውንድ ይቈጠራል። ለአንድ ዓይነት ሥራ አንዱ ከሌላው እጅግ አብልጦ ይጠይቃል፤ ነገር ግን እናቱ ትናንት ሌሊት የሞተችበት ሰው እንደ ገበያተኛ ከሱቅ ወደ ሱቅ አይዞርም። መጀመሪያ ወዳገኘው ገብቶ የተባለውን ሁሉ እሺ ይላል። መንግሥት ለድኾች የሚሰጠው የቀብር ገንዘብ አለ፤ ከመቃብሩ ዋጋ በቀር ለሌላው ወጪ የተወሰነው ግን በ2020 ከ700 ወደ 1000 ፓውንድ ከፍ ቢል እንኳ አይበቃም፥ የቀረው ዕዳ ይሆናል። ቀባሪ የታጣለትን ሬሳ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብር ዘንድ በሕግ ታዝዟል፤ ሰዉ ግን ይህን የድኻ ቀብር ይለዋልና ብዙዎች ከዚያ ይልቅ ዕዳን ይመርጣሉ።

በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ረዳት ኀዘንተኛውን በስልክ ያነጋግረዋል። ለቀብሩ ግድ የሆነውን፥ ሊቀርም የሚችለውን አብሮት ይለያል፤ የነጋዴዎቹን ዋጋ ያመዛዝናል፤ ለመንግሥት የሚጻፈውን ማመልከቻ ይረዳዋል። የሚቈርጠው ግን ኀዘንተኛው ራሱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ከዚህ ይቀላል፤ ሰጪው ወዲያው ይሄዳልና።

እኛስ፥ ወዳጄ ሆይ? ወደ ልቅሶ ቤት ገብተን እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለን እንወጣለን፤ ለተዝካሩ ስንት እንደ ተበደሩ አንጠይቅም። ይባስ ብሎ በመንገድ ሳለን ሣጥኑ ርካሽ ነበር፥ ድግሱም አነሰ እንላለን። ድኻውን ወደ አበዳሪ ደጅ የሚሰደው ይህ ሐሜት ነው እንጂ ለሟቹ ያለው ፍቅር ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደ ልቅሶ ስትሄድ ከዘመዶቹ አንዱን ለብቻው ጠርተህ የጐደለውን በቀስታ ጠይቅ፤ ስለ ድግሱ ማነስ የሚያወራ ቢኖርም ዝም አሰኘው።

ወዳጆች ይህን ነገር ቀድሞም አስበውበት ነበር። ብዙ ዘመን በመቃብር ላይ ድንጋይ ማቆምን ይነቅፉ ነበር፤ በ1850 በፈቀዱ ጊዜም ባለጠጋው ከድኻው እንዳይለይ ድንጋዩ ሁሉ ጌጥ የሌለው፥ አንድ ዓይነት ይሁን አሉ።

ማኅበሩም ሰውን አንድ በአንድ በመርዳት ብቻ አልተወሰነም። ከ2014 ጀምሮ ቀብር አስፈጻሚዎች ዋጋቸውን በግልጥ ያሳዩ ዘንድ ቃል እንዲገቡ ይለምናቸው ነበር። ብዙዎች ገቡ፥ ሌሎች ግን እንቢ አሉ። በመስከረም 2021 የዋጋውን ዝርዝር በሱቃቸው እንዲያወጡ ሁሉም ታዘዙ፤ ኀዘንተኛውም ገና አፉን ሳይከፍት ዋጋውን ማንበብ ቻለ።