ስለ ሚኒባስ የኋላ ማሞቂያና ስለሚያፈሰው የሞተር ውሃ

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 ለሚኖር ሰው የመኪና ማሞቂያ ከንቱ ነገር መስሎ ይታየዋል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ማሞቂያ የሚከፍት ሾፌር የለምና። ነገር ግን ለብርድ አገር የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ሚኒባሶች ከፊተኛው ሌላ ለኋላ ተሳፋሪዎች ሁለተኛ ማሞቂያ አላቸው። ይህም ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ፥ ማንም ባይከፍተውም እስከ መዝጊያው ድረስ ያለው ቱቦ ውሃና ግፊት ተሸክሞ ይኖራል።

ቱቦው ሲያፈስ ውሃው ብቻ ሳይሆን ግፊቱም ይጠፋል። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊትን አፍኖ በመያዝ ይህን ወሰን ከፍ ያደርገዋል። ግፊቱን ያጣ መኪና ግን በከተማ ውስጥ ደኅና መስሎ ቢሠራም፥ ወደ ዲኪል ሲጓዝ ወይም የኢትዮጵያን ዳገት ሲወጣ ይፈላል፤ ሞተሩም ይበላሻል።

ስለዚህ ውሃ ከመጨመር አስቀድሞ የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ ይገባል። ምርመራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ማታ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃው ልክ ምልክት ይደረግበት፤ ከመኪናው ሥርም ደረቅ ካርቶን ይነጠፍ። ቀን ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ከአየሩ እርጥበት የሚገኝ እንጂ ጉድለት አይደለም። ሌሊቱን የሚወርድ፥ ቀለም ያለውና ሲነኩት የሚያሟልጭ ፈሳሽ ግን የሞተር ውሃ ነው።

2ኛ/ ከሞተሩ እስከ ኋላ በወለሉ ሥር የሚሄዱት ቱቦዎች ይታዩ። የባሕር ጨው ብረቱን ይበላል፤ ላስቲኩም በመጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ፈሳሹ በቱቦው ላይ ተንሸራቶ በሩቅ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፥ ከእርጥቡ ሥፍራ ሁሉ ከፍተኛው ይፈለግ።

3ኛ/ በኋላ ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰ፥ ጣፋጭ ሽታም ካለ፥ ማሞቂያው ራሱ መቀደዱን ያመለክታል።

4ኛ/ ይህ ሁሉ ካልታየ መካኒኩ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ በራዲያተሩ አፍ ላይ የግፊት መሞከሪያ ያግጥም፤ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ልክ አይለፍ። ቀጥሎም የኋላውን መሄጃና መመለሻ ቱቦ በሞተሩ አጠገብ በአጭር ላስቲክ አገናኝቶ እንደገና ይሞክር። አሁን ግፊቱ ከጸና ጉድለቱ በኋላ ነው፤ ከወረደ ግን ራዲያተሩ፥ የውሃ ፓምፑና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመርመሩ።

ማሞቂያው በማያስፈልግበት አገር ይኸው አጭር ላስቲክ፥ ሙቀትን የሚችል ከሆነና በሚገባ ከታሰረ፥ እንደ ጥገና ሊቆይ ይችላል። አየሩ ከወጣ በኋላም ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ተደባልቆ ይሞላ፤ ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ ብረቱን መልሶ ይበላዋልና።

ሁለት ነገር አይዘነጋ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ኩላንትም ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ለመለየት ብሎ መቅመስ አይገባም፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰውንም ሕፃናትና ፍየሎች እንዳይቀምሱት፥ በአሸዋ አስመጥጦ ማንሣት የባለመኪናው ግዴታ ነው።