ምዕራፍ 6፦ መኪናውን ማንም ይገዛዋል

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መኪናቸው ያው፣ ጨርቃቸውም ያው። ታዲያ አንዱ ሥራ በዝቶበት ሌላው ለምን ዝንብ እሽ ይላል?

አሜሪካውያኑ ኔልሰንና ዊንተር በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የድርጅት ችሎታ ያለው በየዕለቱ በሚደጋገም አሠራሩ ውስጥ ነው ብለዋል። መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ ሠራተኞች አብረው የለመዱት አሠራር ግን ገበያ አይወጣም።

ያልተዋጠለት በድሬዳዋ መንገድ አወዳይ የጫት ገበያ ድረስ ሄዶ ይይ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በውስጡ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ በሁለት ቀን ገደማ ይደክማል። ስለዚህ ቆራጩ፣ አሳሪው፣ ደላላውና ሾፌሩ ማንም ሳይጠራቸው ተራቸውን ያውቃሉ፤ እስሩ እርጥበቱን እንዲይዝ በቅጠል ተጠቅልሎ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ ይደርሳል። ጫት የስንቱን ወጣት ከሰዓት እንደበላ የታወቀ ነው። የሚያሳፍረው ግን ጫቱ በሰዓቱ ድንበር ሲሻገር የሙሽራ ልብስ ከሰፈር ሱቅ «ነገ ነይ» እየተባለ መቅረቱ ነው!

መድኃኒቱ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት። ከጨርቁ ትንሽ ቁራጭ በስፒል ይያያዝበታል፤ ቀብዱና የመረከቢያው ቀን ይጻፋል። ከግርጌ ደግሞ ደንበኛው ለብሶ ሲሞክር ያለው ይሰፍራል፤ «ብብቴን ያዘኝ» ካለ እንዳለው። ቀጣዩ ጨርቅ መቀስ ሳይነካው ያች መስመር ትነበባለች። ደብተሩ ከሱቅ አይወጣም፤ ተለማማጁም ይጽፍበታል።

ወዳጆቹ የሚያነሱት አንድ ልብስ ሰፊ ግን በደብተር ይስቅ ነበር። «ልኩ ሁሉ እዚህ ነው» እያለ የጨርቅ ቆራጩን ጭንቅላት ያሳይ ነበር። ኢድ ሲቃረብ በደመወዝ ተጣሉና ቆራጩ ጥቂት በሮች አልፎ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የቆየች ደንበኛ መጥታ ባለቤቱ ሜትር ሲያነሳ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ነው እንዴ የሚያውቁኝ?» አለችውና ጨርቋን ይዛ ወደዚያኛው ሱቅ ሄደች።

ደመወዝ በቀኑ ይከፈል።

የደብተሩን አሠራር ጎረቤትም ሊቀዳው ይችላል። ስለዚህ እሱን ቀድሞ ለመገኘት በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን መቁጠር ያስፈልጋል፦ ስንቱ አዲስ ቀሚስ ነው፣ ስንቱ ከውጭ የመጣ ሱሪ ማሳጠር? ማሳጠሩ እየበዛ ከሄደ አንዱን መኪና ለዚያ ብቻ መድቦ፣ ሱሪውን ደንበኛው ቆሞ ሳለ ማስረከብ ይቻላል።