የሚያፈስ ቢርካ እንዴት ይደፈናል?

ምንባብ

ሐርጌሳ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ናት። ከተማይቱን አቋርጦ የሚያልፈው ማሮዲ ጄህ ዝናብ ካልዘነበ በስተቀር ውኃ የማይወርድበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎቿ ከከተማይቱ በስተሰሜን፣ በጌድ ዴብሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ ከተሠሩት ጉድጓዶች ሲጠጡ ኖረዋል። በስተደቡብ እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በሚዘረጋው የሐውድ ሜዳ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ የከርሰ ምድሩም ውኃ እጅግ ጥልቅ ነው። በዚያ የሚኖሩ ብዙ አርብቶ አደሮች የሚጠጡት በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው።

ቢርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ የሚለሰን አራት ማዕዘን ማጠራቀሚያ ነው። በሐውድ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። «ጉ» እና «ዴይር» በሚባሉት የዝናብ ወራት ይሞላል፤ «ጂላል» በሚባለው የበጋ ወራት ሰውም ከብትም ከእርሱ ይጠጣል።

የቢርካ ጠላት ስንጥቅ ነው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቢርካ ውኃው በቀን አንድ ሣንቲ ሜትር ቢጎድል፣ 1,000 ሊትር ውኃ ጠፋ ማለት ነው። ይህም አሥር የተጠሙ ግመሎችን ያረካል። ስንጥቁ በአብዛኛው የሚከሠተው ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ምክንያቱም ልስኑ በፀሐይ ቶሎ መድረቁ፣ የአፈሩ መንቀሳቀስ፣ የዛፍ ሥር መግባት ወይም የቢርካው ባዶውን መክረም ሊሆን ይችላል።

ውኃ የጎደለው በስንጥቅ ነው ወይስ በትነት? ይህን ለመለየት አንድ ባልዲ ውኃ ሞልቶ በቢርካው ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ ማቆም ይበቃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቢርካው ውኃ ከባልዲው ይልቅ ጎድሎ ቢገኝ፣ ቢርካው ያፈሳል።

ጥገናው የሚካሄደው ውኃው ባለቀበት ወቅት ነው። ክዳን ባለው ቢርካ ውስጥ አየሩ ሊበከል ስለሚችል ማንም ብቻውን መግባት የለበትም። በመጀመሪያ ደለሉ ይጠረጋል። ቀጥሎ ስንጥቁ በመሮ ይሰፋል፤ የላላው ልስን ሁሉ ይራገፋል። አሮጌው ሳይነሣ አዲሱን በላዩ መለሰን ከንቱ ድካም ነው። ከዚያም አቧራው ታጥቦ፣ ቦታው እንደ ረጠበ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ በንጹሕ ውኃ ተቦክቶ በስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ጠርዙ እንዳይሰነጠቅ ጎድጎድ ብሎ ይከበባል። በመጨረሻም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሰባት ቀናት ውኃ ይርከፈከፍበታል።

በከተማ ቤት የገላ መታጠቢያው ሳፋ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ሲያፈስም መላው ተመሳሳይ ነው፤ አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ ይወጣል፣ ጠርዙ ይጸዳል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ሲሚንቶ እርጥበት ሲሻ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነው ሲሊኮን የሚይዘው በደረቅ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ቦታው ፈጽሞ ሳይደርቅ አይቀባም፤ ከተቀባም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ አይነካውም።

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይባላል። በክረምት የተናቀች ቀጭን ስንጥቅ በበጋ መንጋ ትፈጃለች።

የቃላት ፍቺ

ትነት — ውኃ በሙቀት ወደ እንፋሎት መለወጥ
ደለል — ጎርፍ ያመጣው ጭቃና አሸዋ
መሮ — ድንጋይ ወይም እንጨት መፈልፈያ ብረት

ጥያቄዎች

1. ባልዲው በቢርካው ውስጥ የሚቆመው ለምንድን ነው?
2. በሲሚንቶና በሲሊኮን አጠቃቀም መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
3. በአካባቢያችሁ ውኃ የሚባክንበትን አንድ ስፍራ መርጣችሁ፣ እንዴት እንደሚጠገን በቅደም ተከተል በአንድ አንቀጽ ጻፉ።